ስለማይታየው ቁስና እርሱን ስለሚመረምሩት ልጆቻችን

ሐዋርያው ፊልጶስ የጌታን ነገር በነገረው ጊዜ ናትናኤል የናዝሬትን ስም ሰምቶ ተጠራጠረ፤ ከዚያች ከተማ በጎ ነገር ይወጣል ብሎ አላሰበም ነበርና። ፊልጶስ ግን በክርክር ሊረታው አልደከመም፤ መጥቶ በዐይኑ እንዲመለከት ጠራው እንጂ። ይህን ታሪክ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችንም የናዝሬትን ስም ለረጅም ዘመን ተሸክማ የኖረች ከተማ አለች፤ ይህችውም በቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ናዝሬት ተብላ የተሰየመችው፣ በ2000 ዓ. ም. ደግሞ የቀድሞ ስሟ የተመለሰላት አዳማ ናት (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። በዚህች ከተማ ዛሬ የሚጠናው ትምህርት ለብዙ ካህናትና ምእመናን እንግዳ ስለ ኾነ፣ ከሩቅ ኾኖ ከመፍረድ ቀርቦ ማየት ይሻላል ብለን ይህን ልንጽፍ ወደድን።

በአዳማ ያለው ዩኒቨርስቲ በ1993 ዓ. ም. የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሎ ተከፈተ፤ በ2006 ዓ. ም. አዳማ ዩኒቨርስቲ ተባለ፤ ከ2011 ዓ. ም. ጀምሮም የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርስቲ ተብሎ ይጠራል። በዚያ በፊዚክስ ትምህርት የመጀመሪያውን ማዕርግ አልፈው ለከፍተኛው ማዕርግ የምርምር ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ወጣቶች አሉ። ከሞጆም ከመቂም፣ ከባቱም ከሻሸመኔም፣ ከሩቅ አገርም የሚመጣው ተማሪ በየሰንበት ትምህርት ቤቱ ያደገ፣ አንዳንዱም ዲቁና የተቀበለ ነው። እንዲህ ያለው ልጅ ለንስሓ አባቱ ቀርቦ፣ «አባቴ፣ እኔ የምማረው ስለማይታይ ቁስ ነው፤ እናቴ በሰማች ጊዜ የሰይጣን ነገር እንዳይኾን ብላ ፈራች፤ ምን ልበላት?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ለአባት ሁለት ቀላል መንገዶች ይታዩታል። አንደኛው፣ «ተወው ልጄ፣ ከአቅም በላይ መመራመር ያጠፋል» ማለት ነው። ሁለተኛው፣ «እሰይ ልጄ፣ እነርሱ ዛሬ የደረሱበትን የማይታየውን ነገር እኛ ድሮም ስናስተምረው የኖርነው ነው» ማለት ነው። የመጀመሪያው መልስ ልጁን ወይ ከትምህርቱ ወይ ከንስሓ አባቱ ይለየዋል። ሁለተኛው ግን ለጆሮ ደስ የሚያሰኝ ስለ ኾነ የበለጠ አደገኛ ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገርም በእርሱ ላይ ነው።

አስቀድመን ግን ትምህርቱ ምን እንደ ኾነ እንመልከት።

ማክስ ፕላንክ የተባለው የጀርመን ሊቅ በ1900 ዓ. ም. ከጋለ ነገር የሚወጣውን ብርሃን ሲመረምር፣ ኀይል እንደ ውኃ ሳይቋረጥ የሚፈስ ሳይኾን እንደ እህል ቅንጣት በቁጥር የሚሰጥ ኾኖ አገኘው። ያን ቅንጣት ኳንተም አሉት። በ1925 እና በ1926 ዓ. ም. ሃይዘንበርግና ሽሮዲንገር የአቶምን ጠባይ የሚገልጸውን ሒሳብ በየራሳቸው መንገድ ደረሱበት። ትምህርቱ ከዕለት ኑሮ የራቀ ይመስላል፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ የእጅ ስልክ ውስጥ ያሉት ረቂቅ መሣሪያዎች የሚሠሩት በዚሁ ሒሳብ ስለ ኾነ፣ ትምህርቱን የሚነቅፈው ሰው ነቀፋውን የሚልከው በእርሱው ነው።

ከዚህ ትምህርት አንዱ ቅርንጫፍ ሱፐርኮንዳክተር ስለሚባሉት ነገሮች የሚያጠናው ነው። ኤሌክትሪክ በተራ ሽቦ ሲሄድ ሽቦው ይሞቃል፤ የሚሞቀውም ከኀይሉ ከፊሉ በመንገድ ስለሚባክን ነው። ከአዳማ በላይ ባሉት ኮረብቶች ላይ የቆሙትን የነፋስ ማመንጫዎች መንገደኛ ሁሉ ያያቸዋል፤ ፊተኞቹ 51 ሜጋ ዋት፣ በ2015 ዓ. ም. የተጨመሩት 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ ኾነው የተሠሩ ናቸው። ከእነርሱ የሚወጣው ኀይል ግን ሁሉም ወደ ሰው ቤት አይደርስም፤ ከፊሉ ሽቦውን ሲያሞቅ ይቀራል። ካመርሊንግ ኦነስ የተባለው የሆላንድ ሊቅ በ1911 ዓ. ም. በላይደን ከተማ ሜርኩሪን፣ ማለት ባዜቃን፣ ከዜሮ በታች እስከ 269 ዲግሪ ባቀዘቀዘው ጊዜ፣ ኤሌክትሪክን የሚቃወመው ጠባዩ በድንገት ጠፋ። ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ 46 ዓመት አለፈ። በ1957 ዓ. ም. ባርዲን፣ ኩፐርና ሽሪፈር የተባሉ ሦስት አሜሪካውያን፣ ኤሌክትሮኖቹ ጥንድ ጥንድ እየኾኑ ሁሉም በአንድ ሥርዐት እንደሚሄዱ አስረዱ። በገበያ ቀን ሕዝቡ እርስ በርሱ እየተጋፋ ሲሄድ አስቡ፤ ከዚያም ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ይዘው በማኅሌት በአንድነት ሲያሸበሽቡ አስቡ፤ ፊተኛው ተራውን ሽቦ፣ ኋለኛው ሱፐርኮንዳክተሩን ይመስላል። ይህ ለማስረዳት ያህል የተነገረ ምሳሌ ነው፤ ምስጢር የሚወጣበት አይደለም።

ዛሬ በትልልቅ ሆስፒታሎች የበሽተኛን የውስጥ አካል ሳይቀድድ የሚያሳየው ኤም. አር. አይ. የተባለው መሣሪያ ኀይለኛ ማግኔቱን የሚያገኘው ከእነዚህ ነገሮች ነው። ስለዚህ ልጃችን የሚማረው ነገር ለሥጋ ፈውስ የሚረዳ መኾኑን ለእናቱ መንገር ይቻላል።

እንዲህ ያለውን ቅዝቃዜ ለማግኘት የሚያስፈልገው ፈሳሽ ሂሊየም እጅግ ውድ ነው። በዚህ ምክንያት በአዲስ አበባና በባሕር ዳር ዩኒቨርስቲዎች ስለ ሱፐርኮንዳክተር የተጻፉት ብዙዎቹ የምርምር ጽሑፎች በሒሳብ ብቻ የተሠሩ ናቸው። ከተጠኑትም ነገሮች አንዱ፣ ማግኔትነት የኤሌክትሮኖቹን ጥንድነት የሚያፈርስ ኾኖ ሳለ በአንዳንድ ቁሶች ግን ሁለቱ ጠባዮች አብረው የሚገኙት እንዴት ነው የሚል ነው። መሣሪያው ባሕር ማዶ፣ ወረቀቱና እርሳሱ እዚህ ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ ሊኾን አይገባም፤ የቅኔ ተማሪ ብራና ሳይዝ፣ ቀለም ሳይበጠብጥ፣ በጫካ ተቀምጦ ቅኔውን በልቡ ቈጥሮ ለመምህሩ ያቀርብ የለምን? በዚህ መንገድ ካለፉት መምህራን አንዱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲው ዶክተር ሙሉጌታ በቀለ ናቸው። በደርግ ዘመን ለዓመታት ታስረው ብዙ መከራ ሲቀበሉ፣ በእስር ቤት ሳሉ እንኳ እስረኞችን ማስተማር አላቋረጡም፤ ከተፈቱ በኋላ በህንድ አገር የዶክተርነት ማዕርግ አገኙ፤ በ2012 ዓ. ም. የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር በሩሲያዊው ሊቅ በሳካሮቭ ስም የሚሰጠውን ሽልማት ሰጣቸው። አኮፋዳ ተሸክሞ በየደጁ እየለመነ የተማረ ካህን የእኒህን ሰው ትዕግሥት ለመረዳት ሌላ ምስክር አያሻውም።

አሁን እናትን ወዳስፈራው ነገር እንምጣ።

በሶደሬ የሚፈልቀውን ፍል ውኃ የማያውቅ የአዳማ ሰው የለም፤ ከምድር በታች ያለውን ሙቀት ግን ያየው የለም። በ2024 ዓ. ም. መጨረሻና በ2025 ዓ. ም. መጀመሪያ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድር በተደጋጋሚ ስትንቀጠቀጥ፣ ንዝረቱ እስከ አዳማ፣ እስከ አዲስ አበባም ተሰምቷል፤ በጥልቁ የሚንቀሳቀሰውን ቅልጥ ዐለት ግን ያየው የለም፤ በሥራው ታወቀ እንጂ። የሰማይ መርማሪዎችም የደረሱበት እንዲህ ባለ መንገድ ነው። ፍሪትስ ዝቪኪ የተባለው ሊቅ በ1933 ዓ. ም. ብዙ ጋላክሲዎች፣ ማለት የከዋክብት ጭፍሮች፣ በአንድነት ሲዞሩ ፍጥነታቸውን ለካ፤ የሚታየው ከዋክብት ሁሉ ተደምሮ በስበቱ ሊይዛቸው እንደማይችል አገኘ። በ1970 ዓ. ም. ቬራ ሩቢን የተባለችው አሜሪካዊት ከባልደረባዋ ከኬንት ፎርድ ጋራ አንድሮሜዳ የተባለውን ጋላክሲ መረመረች። ፀሐይን ከሚዞሩት ውስጥ የራቀው ቀስ ብሎ፣ የቀረበው ፈጥኖ እንደሚሄድ የታወቀ ነው፤ በአንድሮሜዳ ግን በዳር ያሉት ከዋክብት በመካከል ካሉት ባልተናነሰ ፍጥነት ይሮጣሉ። አንድ የማይታይ ነገር በክብደቱ ካልያዛቸው በቀር ተበትነው በጠፉ ነበር። ያን ነገር በእንግሊዝኛ ዳርክ ማተር አሉት። ዛሬ ባለው ስሌት መሠረት፣ እኛ የምናውቀው ቁስ፣ ማለት ምድርና ከዋክብት፣ አየርና ውኃ፣ ሥጋችንም ጭምር፣ ከዓለሙ ሁሉ 5 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ይህ ስውሩ ቁስ 27 በመቶ፣ ዳርክ ኢነርጂ የሚሉት ሌላው ስውር ኀይል ደግሞ 68 በመቶ ያህል ይኾናል።

ቅንጣቱን ለማግኘት እጅግ ደክመዋል። በአሜሪካ ሳውዝ ዳኮታ ከምድር በታች አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ወርደው፣ በአሮጌ የወርቅ ጉድጓድ ውስጥ 7 ቶን ፈሳሽ ዜኖን አጠራቅመው፣ ስውሩ ቁስ ሲነካው አንዲት ብልጭታ ትታይ እንደ ኾነ ሌሊትና ቀን ይጠብቃሉ። ወደ ጥልቁ የወረዱት ከሰማይ የሚወርደው የጨረር ሁካታ እንዳይረብሻቸው ነው፤ የእኛም አባቶች ወደ ዋሻ የገቡት ሁካታን ሸሽተው ነበር። እስከ 2024 ዓ. ም. ድረስ በገለጹት ውጤት ግን ምንም አላገኙም፤ አለማግኘታቸውንም ሳያፍሩ ለዓለም ጽፈዋል።

ካህናት ሆይ፣ ፈተናው የሚመጣው በዚህ ላይ ነው። በአክሲማሮስ እንደ ተማርነው፣ በመጀመሪያይቱ ዕለት በእሑድ ከተፈጠሩት 8 ፍጥረታት አንዱ ጨለማ ነው። ዳርክ ማተር የሚለውም ስም በአማርኛ «ጨለማ ቁስ» ተብሎ ሲተረጐም፣ ሰባኪው ሁለቱን አገናኝቶ «ሳይንስ የእሑድን ጨለማ አገኘው» ይላል። ሌላው ደግሞ 95 በመቶ የሚለውን ቁጥር ሰምቶ፣ «እነርሱ ያላወቁት ይህ ሁሉ የመላእክት ዓለም ነው» ይላል። እንዲህ ያለው ቃል ከዐውደ ምሕረት ሲነገር ሰምተናል፤ ሕዝቡም እልል ብሏል።

ነገር ግን ጨለማ ማለት ብርሃን የሌለበት ነው፤ ይህ ቁስ ብርሃንን አይከለክልም፣ አያጠፋም፤ ብርሃን በጠራ ብርጭቆ እንደሚያልፍ በውስጡ ያልፋል፤ በክብደቱ ብዛት መንገዱን ጥቂት ያዘነብለዋል እንጂ። ጨለማ ያሉት ስለማያበራና ስላልታያቸው ነው። መላእክትን በተመለከተም ጉዳዩ ከዚህ ይልቅ ግልጥ ነው። በጸሎተ ሃይማኖት የሚታየውና የማይታየው ፍጥረት ሁሉ ፈጣሪ አንድ እንደ ኾነ ስንመሰክር፣ የማይታየው ሲባል አባቶች የተረዱት ረቂቃኑን፣ መላእክትንና ነፍሳትን ነው። የከዋክብት መርማሪዎች የሚፈልጉት ግን ክብደት ያለው፣ የሚስብና የሚሳብ፣ በሚዛን የሚገባ ነገር ነው፤ ስለዚህ ባይታይም ከግዙፋኑ ወገን ነው። ነፋስም አይታይም፤ ነገር ግን ነፋስን ከመላእክት ጋራ የሚቈጥር መምህር የለንም። ረቂቁን በክብደት የሚለካ ሰባኪ ሳይንስን ያከበረ መስሎት መላእክትን ወደ ግዙፋን ዝቅ ማድረጉን ልብ አላለውም።

ከሕዝቡም መካከል ያ የአዳማው ልጅ ቆሟል። እርሱ ነገሩን ያውቃል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ ያጣበት ነውና። አባቱ በማያውቁት ነገር ላይ በድፍረት ሲናገሩ ሰምቶ ዝም ይላል፤ እልል አይልም፣ አይከራከርምም። በሚቀጥለው እሑድ ያው ሰባኪ ስለ ሥጋዌ፣ ስለ ቅዱስ ቊርባን፣ ስለ ትንሣኤ ሙታን ሲናገር ግን በልቡ፣ «ይህንንስ እንደዚያው ሳያረጋግጡ ይናገሩት ይኾን?» ብሎ ያስባል። ጥፋቱ ይህ ነው። ሊመረመር የሚችለውን ነገር ባልተመረመረ ቃል የተናገረ አፍ፣ ከምርመራ በላይ የኾነውን ምስጢር ሲናገር የሚያምነውን ያጣል። ዲያቆን ኾኖ ያደገ ልጅ ከቅዳሴው የሚርቀው ሁልጊዜ በክሕደት አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ የሚያርቀው እንዲህ ያለ አንድ ስብከት ነው።

የሌላው ዘመን ታሪክም ለዚህ ይመሰክራል። ኡራኑስ የተባለው ፕላኔት ከሚጠበቅበት መንገድ ጥቂት ዘወር ሲል ባዩት ጊዜ፣ ለቬርዬ የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ የሚስበው ሌላ የማይታይ አካል አለ ብሎ ቦታውን በሒሳብ አመለከተ፤ በ1846 ዓ. ም. መነጽራቸውን ወደዚያ ቢያቀኑ ኔፕቱን የተባለውን ፕላኔት አገኙ። ይኸው ሊቅ በ1859 ዓ. ም. የሜርኩሪ፣ ማለት የአጣርድ፣ መንገድ ጥቂት ሲዛነፍ አይቶ እንደ ፊተኛው፣ በፀሐይ አጠገብ ሌላ ስውር ፕላኔት መኖር አለበት አለ፤ ስሙንም ቩልካን አሉት። ብዙ ዓመት ፈለጉት፤ አልነበረም። በ1915 ዓ. ም. አይንሽታይን የስበትን ሕግ በአዲስ መልክ ባቀረበ ጊዜ የአጣርድ መንገድ ያለ ቩልካን ተስተካከለ። እንግዲህ አንዱ ሊቅ በአንዱ ዘዴ ሁለት ስውር አካላት ፈለገ፤ አንዱ ተገኘ፣ ሁለተኛው ጠፋ። በቩልካን ላይ ስብከት የሠራ ካህን ቢኖር ኖሮ በ1915 ዓ. ም. ምን ይል ነበር?

ዛሬም ስለ ስውሩ ቁስ ክርክሩ አላለቀም። ብዙዎቹ ያልታወቀ ቅንጣት አለ ይላሉ፤ ከ1983 ዓ. ም. ጀምሮ ደግሞ ሚልግሮም የተባለውን የእስራኤል ሊቅ የተከተሉ ጥቂቶች፣ ጐደሎው ከስበት ሕጉ ነው እንጂ የተሰወረ ቁስ የለም ይላሉ። የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህራኖቻችን «አንድም» እያሉ ሁለተኛውን ሲያመጡ ፊተኛውን እንደማይፍቁት፣ እነርሱም በየጉባኤያቸው ሁለቱን አሳብ አቁመው ይመረምራሉ። ልዩነቱ፣ እነርሱ አንዱን በመለካት ሊጥሉት መፈለጋቸው ነው።

ቅዱስ ባስልዮስ በአቴና ከቅዱስ ጎርጎርዮስ ጋራ የዘመኑን ጥበብ ሁሉ የተማረ ሰው ነበር። ስለ ስድስቱ ዕለታት ሲያስተምር፣ የዘመኑ ፈላስፎች ስለ ምድር ቅርጽ የሚከራከሩትን ያውቃል፤ ነገር ግን ሙሴ ስለ ቅርጿና ስለ ዙሪያዋ ልክ ዝም ማለቱ መጽሐፉን እንደማያሳንሰው ተናግሮ፣ በክርክሩ ሳይፈርድ አለፈ። ባለማወቁ ምክንያት ያለፈው አይደለም፤ ከመጽሐፉ ያልተጠየቀውን መልስ ከመጽሐፉ ማውጣት ስላልወደደ ነው እንጂ። ከፈላስፎቹ አንዱን ይዞ ዕለታቱን በእርሱ ላይ ቢያቆም ኖሮ፣ ፈላስፋው በወደቀበት ቀን ስብከቱም አብሮ ይወድቅ ነበር።

ለልጃችንም የምንለው አለን። አንዳንዱ የሒሳቡን መጀመሪያ ገና እንደ ቀመሰ፣ አያቱ ጸበል ስትጠጣ እያየ ይስቃል። ኳንተም የተባለውም ትምህርት የልብስ ጌጥ እንዲኾንለት በየስፍራው ያነሣዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ በተቃራኒው ተአምርን ሁሉ በኳንተም ሊያስረዳ ይሞክራል። ሁለቱንም መምህሮቹ አያመሰግኑለትም። ያ በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ዓመታት ጠብቆ «አላገኘንም» ብሎ የጻፈው መርማሪ ከዚህ ወጣት ይልቅ ለትሕትና የቀረበ ነው።

ስለዚህ የንስሓ አባት ሲጠየቅ በመጀመሪያ ልጁ ራሱ እንዲያስረዳው ይጠይቀው። «ልጄ፣ ምን ለካችሁ? በምን ለካችሁት? ያልታወቀውስ የቱ ነው?» ይበለው። ተማሪው ይህን ሲመልስ ትምህርቱ የጥንቈላ ነገር እንዳልኾነ አባትም ይረዳል፣ ልጁም ራሱ ምን ያህል እንደሚያውቅ ይለያል። እናቱንም በቤቷ ተገኝቶ ያጽናናት፤ ስለ ፍል ውኃው ቢነግራት ፈጥና ትረዳዋለች። የጽሑፉ ማቅረቢያ ቀን ሲደርስ ብዙ ተማሪ ጾሙንና እንቅልፉን አደባልቆ ራሱን ይጐዳል፤ በዚያ ወራት የሚሰጠው ቀኖና የሚቻል እንዲኾን አባቶች ቢያስቡበት መልካም ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ይቀራል፤ ይኸውም ስሙ ነው። «ጨለማ ቁስ» የሚለው ትርጓሜ ከእሑዱ ጨለማ ጋራ ስለሚያምታታ ለዐውደ ምሕረት አይስማማም። «ረቂቅ» ብንለው ከመላእክት ጋራ ይደባለቃል። እኛ ለጊዜው «ስውር ቁስ» ብለነዋል፤ ክብደት እንዳለው «ቁስ» ይመሰክራል፣ አለመታየቱን «ስውር» ይናገራል፤ የተሰወረ ሁሉ ደግሞ አንድ ቀን ሊገለጥ፣ ወይም እንዳልነበረ ሊታወቅ ይችላልና። የአዳማና የአካባቢዋ የቅኔ መምህራን ከዩኒቨርስቲው ተማሪዎች ጋራ ተቀምጠው ከዚህ የተሻለ የግእዝ ስም ቢያወጡለት በደስታ እንቀበለዋለን።